ኩላሊቴና የአዛናው ብርዝ

አዛናው ቢሻው የሰደበኝ በ1979 ዓ.ም. ኅዳር 12 ቀን፣ ሚካኤል ዕለት፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ቦታው ወረታ፣ የገዛ ግቢው፣ ዝክር ላይ። አባ ውባየሁ ዳቦውን ባርከው ገና ቁጭ ማለታቸው ነበር። ቃል በቃል ያለው ይኼ ነው፦

"ይኼ ግማሽ ሰው የበሰበሰ ኩላሊቱን ለወንድሙ አሸከመና፣ አሁን ደግሞ ሬሳውን ሊጠብቅ መጣ።"

ሰው ሳቀ። ማን ማን እንደሳቀ አንድ በአንድ አውቃለሁ። እኔ ቤት ጠላ ሲጠጣ ኖሮ የሳቀም አለ።

ታናሽ ወንድሜ ደሳለው የኢሠፓ ካድሬ ነበር። የፎገራን ገበሬ ረግረጉ ላይ ሩዝ ዝራ እያለ መከራውን ያሳየው እሱ ነው። በ1977 ሁለቱም ኩላሊቶቹ ሞቱበትና ፓርቲው ሞስኮ ላከው። የወንድም ይገጥማል ተባለና እኔም አብሬ ተላክሁ። ግራ ጎኔን ቀደው አንዱን አወጡና እሱ ሆድ ውስጥ ተከሉት። ስነቃ በመጋዝ የተሰነጠቅሁ ነው የመሰለኝ። ከዚያ ወዲህ እርፍ ጨብጬ ግማሽ ቀን መዋል አልችልም። ይሁን፤ ወንድሜ ነው።

ኩላሊቴ ሠራለት። ዓመት አለፈና በሐምሌ 1978 ደሳለው መክሳት ጀመረ። ውኃ ቢጠጣ አይረካም፤ ሽንት ሽንት ይለዋል። ጎንደር ወሰድሁት። ሐኪሙ ሁለታችንንም ፊቱ አስቀምጦ ነገረን።

"ኩላሊቱ ደህና ነው። የመጣብህ የስኳር በሽታ ነው። ገላህ የወንድምህን ኩላሊት እንዳይገፋው የምትውጠው ክኒን አንዳንዱን ሰው እንዲህ ያደርገዋል። ቢሆንም ክኒኑን እንዳታቋርጥ፤ ካቋረጥህ ኩላሊቱ ይሞታል። መርፌህን በየቀኑ ተወጋ። ማርና ብርዝ እንዳትነካ።"

ደሳለው ሰምቷል። ጎኑ ተቀምጬ ነበርሁ፤ አንገቱን ነቅንቋል።

ቤቱ ሲገባ ግን ለማንም አልተነፈሰም። በእኛ አገር ለከሳና ለጠማው ሰው ብርዝ ነው የሚሰጠው። ሚስቱ ገላነሽ የአዛናው እኅት ናት። ከወንድሟ ቀፎ የተቆረጠውን ማር በውኃ እየበጠበጠች ከጠዋት እስከ ማታ ታጠጣዋለች። በጠጣ ቁጥር ይብስ ይጠማዋል፤ በጠማው ቁጥር ትቀዳለታለች።

"አንች ሴት፣ እየገደልሽው ነው" አልኋት።

"ወንድሜ ማር ሰጠው። አንተስ ምን ሰጠኸው? በሽታ!" አለችኝ።

ይኼ ወሬ ሆነ። ምቀኛው አንለይ በሽታ ያለበትን መርጦ ሰጠው ተባለ። ገበያ ስወጣ ሴቶች ከንፈራቸውን ይመጥጡብኛል። ይኸን ወሬ የሚያፈርሰው አንድ አፍ ብቻ ነው፤ የደሳለው። የሚካኤል ዕለትም ወደ አዛናው ግቢ የሄድሁት ያንን አፍ ለማስከፈት ነው።

ስድቡን ስሰማ አዛናውን ዞሬም አላየሁት። "ደሳለው" አልሁ፣ "ሐኪሙ ያለውን እዚህ ሰው ፊት ተናገር።"

ጋቢውን ተከናንቦ ከአዛናው ጎን ተቀምጧል፤ በእጁ ዋንጫ ሙሉ ብርዝ። እሱ ዋንጫውን አየ።

"አያ አንለይ፣ በሚካኤል ቀን ተወው እስቲ" አለና ጠጣ።

ዋንጫውን ከአፉ ላይ በጥፊ መታሁት። ብርዙ ፊቱ ላይ ፈሰሰ፤ ከንፈሩም ተሰነጠቀ። አዛናው ሽመሉን አንስቶ ተወረወረብኝ። የመጀመሪያው ምት ትከሻዬን አገኘኝ። ሁለተኛውን አስተካክሎ፣ "የቀረችውንም ላውጣልህ!" ብሎ ቀኝ ጎኔን መታኝ። አንድ እንደቀረኝ አገር ያውቃል፤ እሱም አውቆ ነው የመታው።

ዓይኔ ጨለመ። ወደቅሁ፤ የወደቅሁት ግን የእንጨት ክምር አጠገብ ነበር። አንድ ፍልጥ ይዤ ተነሣሁና አፉን አልሁት። ጥርሱ ረገፈ። ሲወድቅ ደረቱ ላይ ተቀመጥሁበትና ደገምሁት፤ ሠለስሁት። አፍንጫው እጄ ሥር ሲሰበር ተሰማኝ። ሴቶች ይጮኻሉ። አባ ውባየሁ መስቀላቸውን አውጥተው "ገዝቻለሁ! በሚካኤል ገዝቻለሁ!" ይላሉ። "ይቆዩ አባ፣ ልጨርስ፤ እኔን ሲሰድበኝ እርስዎ የት ነበሩ?" አልኋቸው። ያቆምሁት ግዝቱን ፈርቼ እንዳይመስላችሁ፤ ክንዴ ዝሎ ነው።

ከዚያ አጥሩ ጥግ ሄጄ ሸናሁ። ደም ነው የሸናሁት።

"አብዮት ጥበቃ ጥሩ!" የሚል ጩኸት ከኋላዬ ሰማሁ። ደሳለው እንጨት እየተደገፈ እየተንገዳገደ መጣ። ማንም እንዳይሰማው ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"አያ፣ ኩላሊትህ ምንም አልነበረበትም። እኔ አውቃለሁ።"

"እዚያ ለምን አልተናገርህም?"

"ፓርቲው ከሥራ አሰናብቶኛል፤ የሚያበላኝ አዛናው ነው። ምን ልበል? ማርህ ገደለኝ ልበለው?"

ሱሪዬን ታጠቅሁ።

"ደግሞ አንድ ነገር አለ፤ እንዳትቆጣ። ክኒኑን ከተውሁ ወር ሆነኝ። ስኳሩን ያመጣው እሱ ነው አላለም ሐኪሙ? ክኒኑን ብተው ስኳሩም ይተወኛል፣ ብርዜንም እጠጣለሁ ብዬ ነው።" ጋቢውን ገልጦ እግሩን አሳየኝ፤ እንደ ጎታ አብጧል። "ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ሽንቴ እንቢ ብሏል። አያ አንለይ፣ ምን ይሻለኛል? ጎንደር ትወስደኛለህ አይደል?"

ከተሰነጠቀ ከንፈሩ ደምና ብርዝ ተቀላቅሎ ይንጠባጠባል። ሆዱን አየሁት፤ የእኔ ሥጋ ያለበትን በኩል። እጁን ዘርግቶ እጅጌዬን ያዘ።

"አያ? አንተን እኮ ነው!"

እጅጌዬን አስለቀቅሁና ጎኔን ይዤ፣ የጎንደርን መንገድ ለእሱ ትቼ ብቻዬን ወደ ደብረ ታቦር መገንጠያ ሄድሁ።