ያልሞተው ፌንጣ

ባምላኩን እግዜር ሲፈጥረው ከሰው ይልቅ ለተባይ ወዳጅ አድርጎ ነው የፈጠረው። ፍኖተ ሰላም ባዮሎጂ ያስተምራል። ባለፈው ዓመት ከቡሬ ቁልቁል፣ ከአባይ በረሃ አንዲት ጥቁር ተርብ ይዞ ተመለሰ። በማጉያ መነጽር አገላብጦ አያት፣ የክንፏን ጅማት ከመጽሐፍ ጋር አመሳከረ፣ ፎቶዋን ውጭ አገር ላሉ አዋቂዎች ላከ። መልሱ እንቅልፍ ነሳው። ይህችን ተርብ እስከ ዛሬ የመዘገባት የለም፤ ወንዱንና ጎጆዋን ካገኘ ስም የሚያወጣላት እሱ ነው።

«በስምሽ ልጠራት አስቤያለሁ» አላት ሚስቱን ያምሮትን።

«ተርብ? ደግ አረግህ! ይልቅ መንገዱ ደህና አይደለም፣ ዘንድሮ ይቅርብህ።»

መች ሰማ! መረቡንና ብልቃጦቹን አንግቶ ወረደ። ያረፈው ቆላው መንደር፣ እማማ ቻይነሽ ቤት ነው። የእማማ ቻይነሽ አንድ ልጅ ገነነ አምና በማሽላ አጨዳ «እጄን አንድ ነገር ነደፈኝ» ብሎ ከማሳ ገባና እንደተጋደመ ቀረ። እባብ ነው ተባለ። የበረሃ ሙቀት ሬሳ አያሳድርምና በዚያው ዕለት ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ተቀበረ። ይህን ሲያወሩ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ።

ይህች ተርብ እንደ ንብ በመንጋ አትኖርም፤ ብቻዋን ቆፍራ ብቻዋን ትኖራለች። ባምላኩ ጎጆዋን ያገኘው ከማሽላው ማሳ ዳር፣ ከደረቀው ጅረት አሸዋ ላይ ነው። ከራሷ የሚበልጥ ፌንጣ እየጎተተች ስትገባ አይቶ በደስታ ሊዘል ምንም አልቀረው። ጉድጓዱን በማንኪያ ከፍቶ ፌንጣውን አወጣና እማማ ቻይነሽ መዳፍ ላይ አኖረው።

«አልሞተም እኮ! ነድፋ አደንዝዛው ነው። እንቁላሏን ትጥልበትና አፈር ትመልስበታለች፤ ልጇ ሲፈለፈል ትኩስ ሥጋ ያገኛል። ብልሃቷን አዩልኝ?»

አሮጊቷ አተኩረው አዩት። ከግንባሩ የወጣችው ቀጭን ቀንዱ ብቻ ንቅንቅ ትላለች።

«ከነነፍሱ ነው የምትቀብረው?»

«ከነነፍሱ።»

«ይሰማዋል?»

«እሱን እንኳ እንጃ።»

«ሰውስ ብትነድፍ?»

ባምላኩ ሳቀ። «ሰው ለእሷ ተራራ ነው እማማ! ያቃጥላል፣ ያሳብጣል፣ ያልፋል።»

እማማ ቻይነሽ አልሳቁም። ፌንጣውን ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጥረው ይዘውት ገቡ።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ ወንዱን ሊይዝ ሲያደባ ሴቷ በመረቡ ቀዳዳ አውራ ጣቱን ነደፈችው። ቆይቶ ጣቱ አልታጠፍ አለው። ከዚያ ክንዱ ከዳው፤ ከዚያ ከንፈሩ። ያልፋል፣ ያልፋል እያለ ራሱን ይደልላል። ግን የምን ማለፍ! መጽሐፍ ሁሉ ስለዚህች ተርብ አንድ ቃል አልጻፈም፤ መርዟ ሰውን ምን እንደሚያደርግ የሚያውቅ በምድር ላይ የለም። ያኔ ፈራ። እግሩን እየጎተተ እማማ ቻይነሽ ደጃፍ ደርሶ ወደቀ።

«እማማ… ብሞት… እንዳትቸኩሉብኝ።»

ምላሱ እዚያ ላይ ተሳሰረ። ጆሮው ግን አልተዘጋም። ጎረቤት ሲሰበሰብ ይሰማዋል። ይርሳው የሚሉት ገበሬ የዶሮ ላባ አፍንጫው ላይ አደረገ። ትንፋሹ እንደ ክር ቀጥኖ ነበርና ላባው አልተነቃነቀም።

«አልፏል» አለ ይርሳው።

አለሁ እኮ! ኧረ በማርያም፣ አለሁ! ባምላኩ በውስጡ ጮኸ፤ ከአፉ የወጣ ነገር የለም። የአንድ ሰው መዳፍ ዓይኑን ከደነው። ሁለቱን አውራ ጣቶቹን አጋጥመው በፈትል አሰሩ። ፈትሉ ሲቆረቁረው እንኳ ይሰማዋል።

«ወደ ቤቱ እንዳንሰደው መንገዱ ዝግ ነው፤ ስልኩም አይሠራም» አሉ ቄስ ዳኘው። «የሰው አገር ሰው በዚህ ሐሩር አሳድረን እናዋርደው? ፍትሐቱን አድርሰን ዛሬውኑ ወደ አፈሩ እንመልሰው።»

ክፉ ሰው አይደሉም፣ ያስፈራውም ይኸው ነው። የሚቸኩሉት ሁሉ ለእሱ አዝነው ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ የዶማ ድምፅ መጣ። ድው፣ ድው። ያ ፌንጣ ትዝ አለው። ይሰማዋል እማማ፣ ሁሉም ነገር ይሰማዋል!

«አይቀበርም!» እማማ ቻይነሽ ደረቱ ላይ ተደፉበት።

«ኧረ ቻይነሽ፣ ሬሳ ነው እኮ!»

«እንዳትቸኩሉብኝ ብሎኛል። አደራው እኔ ላይ ነው። እሱን የምትቀብሩት እኔን አስቀድማችሁ ነው!»

«የልጇ ኀዘን ተነስቶባት ነው» አለ አንዱ በሹክሹክታ። ሊያስለቅቋቸው ሞክረው አቃታቸው። በግድ አንድ ሌሊት ተፈቀደላቸው፤ እሳቸውም ካጠገቡ ንቅንቅ አላሉም።

ፀሐይ ስትወጣ ወንዶቹ ቃሬዛ ይዘው ገቡ። እማማ ቻይነሽን ሁለት ሆነው ከላዩ አነሷቸው። ጀርባው ከመደቡ ሲለቅ ባምላኩ ያለውን ኃይል ሁሉ አውራ ጣቱ ላይ አዋለው። ያምሮት! አለ በልቡ፤ ሌላ የሚጠራው ስም አልመጣለትም።

«ፈትሉ!» ይርሳው ቃሬዛውን ሊለቀው ምንም አልቀረው። «እናንተ ሰዎች፣ ፈትሉ ተንቀሳቀሰ!»

ቤቱ በእልልታ ተናጋ። ቄስ ዳኘው «እግዚኦ፣ እግዚኦ» እያሉ መስቀላቸውን ግንባሩ ላይ አሳረፉ። አንዱ ውሃ ይረጫል፣ አንዱ እግሩን ያሻል። ባምላኩ ዓይኑን ገልጦ እማማ ቻይነሽን ፈለጋቸው።

እሳቸው እልል አላሉም። የታሰረውን ጣቱን አዩ። ነጠላቸውን ፈትተው ፌንጣውን አዩ፤ በመዳፋቸው ላይ እግሩን ዘረጋ፣ ሰበሰበ። ፊታቸው ላይ የመጣው ደስታ በዚያው ደርቆ ቀረ። ባምላኩ ምን እንዳሰቡ ገባው። የገነነስ እባብ ነው እማማ፣ በእርግጥ እባብ ነው ሊላቸው ፈለገ። ውሸትም ቢሆን ሊላቸው ፈለገ። ምላሱ ገና አልተፈታም።

እማማ ቻይነሽ ከግድግዳው ሥር ዶማ አነሱና ወጡ። በደስታው ግርግር ያያቸው የለም።

ትንሽ ቆይቶ ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ድምፅ ተሰማ። ድው፣ ድው።

«ተመስገን! የመምህሩን ጉድጓድ እየደፈኑት ነው» አለ ይርሳው እየሳቀ።

ባምላኩ ግን ያንን ድምፅ ትናንት ተጋድሞ ሲሰማው ነው የዋለው። እማማ እየቆፈሩ ነው።