እናንተ ምረጡልኝ

በአውቶቡስ ጣቢያው እውነተኛ ስሟን የሚያውቅ ሰው ብዙ አልነበረም። የትኛው ሾፌር በየትኛው መኪና ወዴት እንደሚሄድ የምትመድበው እሷ ስለሆነች የምትሠራበት ክፍል ስም የእሷ ስም ሆኖ ቀረ። ስምሪት አሏት፤ እሷም ለምዳው አቤት አለች። ሾፌሮቹ ሲያሞግሷት “ስምሪት አንዴ ካለች አለች ነው” ይሉ ነበር። ሲያሟትም የሚሉት ያንኑ ነው።

ቤትም ያው ነበረች። እናትና አባታቸው ተከታትለው ሲሞቱ ሁለት ታናናሾቿን ያሳደገችው እሷ ናት። ወንድሟ መሐንዲስ መሆን አምሮት ሳለ “አንተ መናገር ትወዳለህ፣ አስተምር” ብላ ሒሳብ አስተማሪ አደረገችው፤ ዛሬ ሰፈሩም ቤተሰቡም “ቲቸር” ነው የሚለው። ታናሽ እህቷን ሚጢን የፀጉር ሥራ ያስተማረቻት፣ የሱቁን ቦታ የመረጠችላት፣ ሊያገባት የመጣን አንድ ሰው “አይሆንሽም” ብላ የመለሰችላት እሷ ናት። ሚጢ አርባ ዓመት አልፏት እንኳ መጋረጃ ስትገዛ ከሱቁ ትደውላለች። “እትዬ፣ ቢጫው ይሻላል ቡናማው?”

ደም ስታይ ኪንታሮት ነው ብላ ለብዙ ወራት ዝም ብላው ነበር። በመጨረሻ ስትመረመር ውጤቱን የነገራት ወጣት ሐኪም እጆቹን ጠረጴዛው ላይ አጣምሮ፣ ቀስ ብሎ ተናገረ።

“ካንሰር ነው። የትልቁ አንጀት መጨረሻ ላይ ነው ያለው። እኛ ጋ የሚታከም አይደለም። የት እንደሚታከሙ ይምረጡና ቶሎ ይጀምሩ።”

“እሺ።”

“ጥያቄ አለዎት?”

“የለኝም። አመሰግናለሁ።” ወንበሩን ወደ ቦታው መለሰችና ወጣች።

ከዚያ ሥራ ገባች። ሌላ የት ትሂድ? የስምሪት ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ፍርግርግ ያለው መስኮት፣ ቁልፎች የተንጠለጠሉበት ጣውላ፣ ከግቢው የሚገባ የናፍጣ ሽታ። አንድ አንጋፋ ሾፌር አንገቱን በመስኮቱ አሰገገ።

“እትዬ፣ እኔስ ዛሬ ወዴት ነኝ?”

ቁልፎቹን አየቻቸው። የትኛው መኪና ፍሬኑ እንደታደሰ፣ የትኛው ሾፌር ዳገት ላይ እንደሚቸኩል፣ ሁሉንም ታውቃለች። እጇ ግን አልነሳ አለ።

“ወደ ፈለግክበት ሂድ” አለችው።

“ተመስገን! እንግዲያው አማቶቼ ከሌሉበት የትም ይሁን!” አለ ሾፌሩ። ከኋላው የቆሙት ሳቁ። እሷ አልሳቀችም። ሳቁ ከፊት ጀምሮ እየጠፋ ሄዶ እስከ ሰልፉ ጫፍ ጸጥ አለ። ምክትሏ ተነስታ ከትከሻዋ በላይ እጇን ሰዳ አንዱን ቁልፍ አነሳችና ለሾፌሩ ሰጠችው። “እትዬ፣ ትንሽ አረፍ በይ” አለቻት ቀስ ብላ።

በማግስቱ ታናናሾቿን ጠርታ ነገረቻቸው። ሚጢ አለቀሰች። ቲቸር ሳሎኑ መሃል ቆሞ ኪሱን ዳበሰ፤ ምን እንደሚፈልግ ግን አያውቅም።

“እሺ፣ የት ወሰንሽ?” አላት።

“አልወሰንኩም። እናንተ ምረጡልኝ።”

“እኛ?” አለ፣ ሌላ ሰው የተጠራ ይመስል ግራና ቀኙን እያየ።

“እናንተ። እኔ ደክሞኛል።”

እውነቱን ለመናገር ድካም አልነበረም። ለረጅም ሰዓት አጣጥፈው የተቀመጡበት እግር እንደሚደነዝዘው ነው፤ መኖሩ ይታያል፣ ቢቆነጥጡት ግን የሌላ ሰው እግር ነው። ታናናሾቿ ሲያለቅሱና ሲንጎራደዱ በመስኮት በኩል የጎረቤት ቤት የምታይ መሰላት።

መጀመሪያ የወሰዳት ቲቸር ነው። የመረጠው አንድ ስመ ጥር ሽማግሌ ቀዶ ጥገና ሐኪም ነበር። “የክፍል ኃላፊያችንን አባት ከሞት አፍ መንጭቆ ያወጣቸው እኮ እሱ ነው!” አለ። ክሊኒኩ ፎቅ ላይ ነው፤ ኮሪደሩ ጢም ብሎ ሞልቷል። ሽማግሌው ውጤቱን አይቶ እጇን በሁለት እጁ ያዘ።

“አትፍሪ ልጄ። ቆርጠን እናወጣዋለን። በሚቀጥለው ሳምንት ግቢልኝ። ከዚያ በኋላ ሰገራሽ የሚወጣው ሆድሽ ላይ በሚለጠፍ ከረጢት ነው፤ ሁልጊዜ። ሰው ይለምደዋል።”

እሷ የምታየው ከረባቱ ላይ ያለውን የእንቁላል ነጠብጣብ ነበር።

ደረጃውን ሲወርዱ ቲቸር ፊቱ በርቷል። “አየሽው? እንዲህ ያለ ሐኪም ነው እንጂ! አንጀቴን ነው ያራሰው!” አለና ያለውን ሲሰማው አፉን በመዳፉ ከደነ።

“የአንተ እንኳ ይራስ” አለችው።

ሚጢ የወሰደቻት ደግሞ አንዲት ደንበኛዋ ወደምትሠራበት አዲስ የግል ሆስፒታል ነው። ሕንፃው መስታወት በመስታወት፣ ወለሉ የሚያንሸራትት፣ ጸጥታው ሰው የሌለበት የሚያስመስለው ነው። የካንሰር ሐኪሟ ሴት ናት። ውጤቱን አንብባ እስክትጨርስ አንዲት ቃል አልተናገረችም፤ ሚጢ በጭንቀት የእጅ ቦርሳዋን ዚፕ ስትከፍትና ስትዘጋ ቆየች።

“መጀመሪያ ምን ድረስ እንደዘለቀ የሚያሳየን ኤምአርአይ ይነሱ” አለች ሐኪሟ። “እንደ እርስዎ ያለው ብዙ ጊዜ አስቀድሞ ጨረርና መድኃኒት ይሰጠዋል፤ ሲያንስ ነው ቀዶ ጥገናው። እኛ የጨረር መሣሪያ የለንም። የመንግሥቱ ሆስፒታል አለው። እዚያ የቀዶ ጥገናው፣ የጨረሩና የመድኃኒቱ ሐኪሞች አንድ ላይ ተቀምጠው ነው በእያንዳንዱ ሰው ላይ የሚመክሩት። ወረፋው ግን ያማርራል፤ ቤቱም ያረጀ ነው።”

“ከረጢቱስ?” አለች ሚጢ።

“ላይኖር ይችላል። ሊኖርም ይችላል። አሁን ላይ ሆኖ በእርግጠኝነት የሚነግራችሁ ካለ አትመኑት።”

ኤምአርአዩ ተነሳ። ወሬው ሲሰማ ደግሞ ሰው ሁሉ ሐኪም ሆነ። አንዱ ውጭ አገር ውሰዷት ይላል፣ አንዷ ነጭ ሽንኩርት በማር ትላለች፣ አንዱ የአጎቱን ልጅ ታሪክ ይጀምርና መጨረሻው ላይ ሲደርስ ድምፁን ይውጣል። እሑድ ከሰዓት ሁለቱ ስምሪት ቤት ተገናኝተው ተፋጠጡ። እሷ ሶፋው ጥግ ላይ ተቀምጣለች።

“ወረፋ ስትጠብቅ ቢሰራጭስ?” አለ ቲቸር።

“ቸኩለን አስቆርጠናት ቢመለስስ?”

“እሺ፣ ሁለቱም ጋ እናስመዝግባት። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ነው።”

“እትዬ ምን የምትንጠለጠል ነገር አላት? አንድ ሰውነት ነው ያላት!”

“ታዲያ አንቺ ወስኚያ!”

“ለምን እኔ? ወንዱ አንተ፣ የተማርከው አንተ!”

ቲቸር ወንበር ላይ ዘጭ አለ። “ብትሞትብኝስ?” አለ። “እኔ መርጬላት ብትሞትብኝስ?”

ተማሪ የሚፈራው ሰውዬ ትከሻው እየተርገፈገፈ ያለቅስ ጀመር። ስምሪት አየችው። ልታባብለው መነሳት ነበረባት። የሸሚዙ ኮሌታ መበላቱን ግን አየች፤ ገልብጦ ቢሰፋ ገና ያገለግላል ብላ አሰበች። ይህን ማሰቧ አስደነገጣት፤ ድንጋጤውም ወዲያው ጠፋ።

“ያን ሁሉ ጊዜ ስመርጥላችሁ አውቄ መሰላችሁ እንዴ?” አለች።

ሁለቱም ዞሩ።

“ታዲያ?” አለች ሚጢ።

“ምንም አላውቅም ነበር። አንዱን ይዤ እሄዳለሁ፤ እናንተ ስትተኙ እፈራለሁ። በቃ።”

ቲቸር አፍንጫውን ተናፈጠና ውሃ ሊቀዳ ተነሳ።

ሰኞ ጠዋት ሚጢ ሱቋን ሳትከፍት፣ ለማንም ሳትናገር ወደ ሽማግሌው ሐኪም ሄደች። ኮሪደሩ ላይ ቆማ ቆማ እኩለ ቀን ሊሆን ሲል ገባች።

“አባባ፣ አይቀየሙኝና፣ እንዲህ ያለውን፣ ታች ያለውን፣ ብዙ ይሠራሉ?”

ሽማግሌው መነጽሩን አወለቀ። “ድሮ ብዙ እሠራ ነበር። አሁን አልፎ አልፎ ነው። ለምን ጠየቅሽኝ?”

ስለ ጨረሩ የሰማችውን ነገረችው። ይቆጣል ብላ ጠብቃ ነበር፤ አልተቆጣም።

“ልክ ነው፤ እሱ ይሻላል” አላት። “ግን ልንገርሽ። ብዙ ሰው ጨረሩን ጀምሮ አይጨርስም። ይደክመዋል፣ የሚያመላልሰው ያጣል፣ ይጠፋል። ኋላ እኔ ጋ ሲመጣ ነገሩ አልፏል። ለዚህ ነው ሳይጠፉብኝ ቶሎ የምቆርጠው። እህትሽ የሚያመላልሳት አላት?”

“እኛ አለን።”

“በየቀኑ?”

ሚጢ ስለ ሱቋ አሰበች፣ ስለ ቲቸር ክፍለ ጊዜ አሰበች። “በየቀኑ” አለች።

“እንግዲያው እዚያ ውሰዷት። ግማሽ መንገድ ላይ ብትተዋት ግን አልሰማሁም እንዳትይኝ።”

ከዚያ በቀጥታ እትዬዋ ቤት ሄደች። በሩ ላይ እንደቆመች፣ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ተናገረች። “ተወስኗል። የመንግሥቱ ሆስፒታል ነው። ቲቸር ጠዋት ከትምህርት በፊት ያደርስሻል፣ እኔ እመልስሻለሁ። ቀረሁ፣ ደከመኝ የለም።” በሕይወቷ እንዲህ ብላ ተናግራ አታውቅም፤ የሚመለስላትን ቁጣ እየጠበቀች ነበር።

“እሺ” አለች ስምሪት፤ ተነስታም ጫማዋን ትፈልግ ጀመር።

“ኧረ ዛሬ አይደለም!”

“አሃ።” ተመልሳ ተቀመጠች።

ወረፋው እንደተባለው አማረራቸው። ሐኪሞቹ ተሰብስበው መከሩ፤ ከጨረር ይጀመር አሉ። የጨረሩ ክፍል ምድር ቤት ነው፤ ከበሩ ፊት ለፊት በብዙ ሰው መቀመጫ የለሰለሰ የእንጨት አግዳሚ ነበር። እዚያ ሰው ሰውን በስም አይጠራም፤ “ከእርስዎ በፊት ማን ነበር?” ነው ሰላምታው። አንድ ቤት ቀለም ቀቢ ነበር፣ ጥፍሩ ሥር ነጭ ቀለም ያልለቀቀው። “እዚህ ቤት መድኃኒቱ ሰልፍ ነው” እያለ አግዳሚውን በሙሉ ያስቅ ነበር። አንድ ቀን ቀረ፣ በማግስቱም ቀረ። ማንም አልጠየቀም። ስምሪትም ሰዎቹ ጠጋ ጠጋ ሲሉ አብራ ተጠጋች።

መሣሪያው አንዴ ተበላሽቶ ሰው ሁሉ ሲመለስ ቲቸር ጠባቂው ላይ ጮኸ፤ ኋላ አፍሮ ይቅርታ ጠየቀ። የስምሪት ቆዳ ተቃጠለ፤ መቀመጥ አቃታት፤ ሚጢ በእጇ ቅባት ቀባቻት። ቀን ቀን እንደ ዕቃ ትጫናለች፣ እንደ ዕቃ ትወርዳለች። ሕመሙ ያማት ነበር፤ ማዘን ግን አልመጣላትም። “አልቅሺ እስቲ፣ ይቀልልሻል” ትላታለች ሚጢ። “ሲመጣ አለቅሳለሁ” ትላታለች።

ጨረሩን ጨረሰች። እብጠቱ አነሰ። ከሳምንታት በኋላ የቀዶ ጥገናው ቀን ደረሰ፤ ቀዶ ሐኪሙ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነበር። ከክፍሉ ሲወጣ ሁለቱ ተነስተው ቆሙ።

“ወጥቷል” አላቸው። “እብጠቱ ከታች ያለውን ጡንቻ ስለነካው ግን ማትረፍ አልቻልኩም። ከረጢቱ ቋሚ ነው።”

ሚጢ ግድግዳውን ተደግፋ ወደ ወለሉ ተንሸራተተች። “ያው ሆነ! ሽማግሌው ያሉት ሆነ! ያን ሁሉ ቀን በከንቱ አስቃጠልኳት!”

“በጨረሩ ባያንስ ኖሮ የቆረጥኩበት ዳር ንጹሕ ሆኖ አይወጣልኝም ነበር” አለ ሐኪሙ። ለመሄድ ዞረና “ምናልባት” ብሎ ጨመረ። ከዚያ ሄደ።

ስምሪት ስትነቃ ሚጢ ፊቷ አብጦ አልጋው አጠገብ ቆማለች። የሆነውን ነገረቻት። “የመረጥኩት እኔ ነኝ። የኔ ጥፋት ነው።”

“ነይ ተቀመጪ።”

“አልተናደድሽብኝም?”

ስምሪት ጣሪያውን እያየች ራሷን ፈተሸች። “የለም” አለች። “አልደረስኩበትም ገና። ከንፈሬን አርጥቢልኝ።”

ሥራ የተመለሰችው ከሌላ ዙር መድኃኒትና ከረጅም ዕረፍት በኋላ ነው። መስኮቱን ምክትሏ ይዛዋለች፤ እሷም መልሺልኝ አላለችም። ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ ሲጠይቋት ትመልሳለች። ከረጢቱን መቀየር እጇ ለመደ። ሾፌሮቹ መጀመሪያ እንደ ብርጭቆ ተጠነቀቁላት፤ ኋላ ረሱትና እንደ ድሮው ይጨቃጨቁ ጀመር።

ለክትትል በሄደች ቁጥር የሚሄዱት ሦስቱም ናቸው። ዓመት ባለፈው ጊዜ ሐኪሙ ውጤቱን አየና “ንጹሕ ነው። ከስድስት ወር በኋላ እንገናኝ” አለ። ሚጢ እልል ልትል ነበር፤ ቲቸር ክንዷን ያዛት። ሁለቱም ስምሪትን አዩ።

“ጥሩ ነው” አለች።

በቲቸር መኪና ሲመለሱ ሁለቱ ከፊት እየተቀባበሉ ያወራሉ፤ እሷ ከኋላ መስኮቱ ላይ ተደግፋለች። መብራት አስቆማቸው። ከመንገዱ ዳር ዳቦ ቤት አለ፤ አንዲት ሴት ትልቅ ሳፋ ሙሉ ዳቦ ወደ መደርደሪያው ትገለብጣለች፤ ሽታው መኪናው ውስጥ ገባ።

“ዳር ያዝ” አለች ስምሪት።

“ምን ሆንሽ? አመመሽ?” ቲቸር ደነገጠ።

“ራበኝ።”

ሚጢ ዞራ አየቻት። ከታመመች ጀምሮ ብዪ ሲሏት ትበላለች እንጂ ራበኝ ብላ አታውቅም። ሚጢ ወርዳ በጋዜጣ የተጠቀለለ ትኩስ ዳቦ ይዛ ተመለሰች። ስምሪት በእጇ ገመሰችው፤ ያቃጥላል፤ እፍ እያለች ጎረሰች፣ ደግማ ጎረሰች።

“እትዬ፣ ወንበሩን! ትናንት ነው ያሳጠብኩት፣ ፍርፋሪው ሁሉ!” አለ ቲቸር በመስታወቱ እያያት።

“ዝም ብለህ ንዳ” አለችውና የቀረውን ለሁለት ገምሳ ወደ ፊት አቀበለቻቸው።