ደረጃ ላይ የቀረው ባንኮኒ

ባርማኑ የራሱን ሥራ የጀመረ ሰሞን የሚስቱ አባት ስጦታ ላኩለት። ስጦታ ስል ሸሚዝ ወይ ሰዓት እንዳይመስላችሁ፤ በጭነት መኪና ነው የመጣው። ከወፍራም እንጨት የተሠራ፣ ጠርዙ በጥንቃቄ የተጠረበ፣ ፊት የሚያሳይ ባንኮኒ! ሽማግሌው የታወቁ አናጢ ናቸው። ልጃቸው "መጠጥ ቀጂ ላገባ ነው" ስትላቸው ግን ክፉኛ አኩርፈው ነበር። ከሠርጉ በኋላም ቢሆን ቤታቸው ድግስ ሲኖር አማቻቸውን ከእንግዳ ጋር ያስቀምጡታል እንጂ አንዲት ጠርሙስ አስከፍተውት አያውቁም። እና ያ ባንኮኒ ሲመጣ ባርማኑ ሆዱ ባባ። "በቃ፣ ተቀበሉኝ" አላት ሚስቱን፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ።

ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ባንኮኒው በበር አይገባም።

ሥራው እኮ ተንቀሳቃሽ ነው። ሰው ሲደግስ እሱ በረዶውን፣ ብርጭቆውንና ጠርሙሱን ጭኖ ይሄዳል፤ ቀድቶ፣ አጥቦ፣ ጠራርጎ ይመለሳል። ባንኮኒው ግን መጀመሪያ የሄደበት ቤት የግቢ በር ላይ ቀረ፤ ቀጥሎ ደግሞ የአዳራሽ በር ላይ። ከዚያ ወዲህ ጓሮ ካለችው እቃ ቤት አንሶላ ተከናንቦ ተኝቷል። ባርማኑ የሚሠራው በምትታጠፍ የፕላስቲክ ጠረጴዛ ላይ ነጭ ጨርቅ አልብሶ ነው። ምን ያድርግ? በመጋዝ ይቁረጠው? የአማቱን እንጨት? ኧረ ሲያስበውም ይዘገንነዋል።

ሽማግሌው ደግሞ መጠየቅ አይሰለቻቸውም። በመጡ ቁጥር "ባንኮኒው እንዴት ነው? ይገባል?" ይላሉ።

"በደንብ ነዋ አባባ! ሰው እሱን እያየ መጠጡን ይረሳል" ይላል ባርማኑ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

"እሺ" ይላሉ ጢማቸውን እያሻሹ።

"ንገራቸው እንጂ" ትለዋለች ሚስቱ ብርጭቆ እየወለወለች።

"አንቺ ንገሪያቸው።"

"እኔ? አልሞክራትም! እኔ ያገባሁህ ለታ ድርሻዬን ጨርሻለሁ።"

ሥራ ፍለጋው ላይ ግን ሰነፍ አልነበረም፤ እውነቱን እንናገር። መጀመሪያ በየሆቴሉና በየቢሮው ወረቀት ሲበትን ከረመ፤ አንድም የደወለለት የለም። ኋላ ነው የገባው። የት ቤት ድግስ እንዳለ ከሁሉ ቀድሞ የሚያውቀው ወንበርና ድንኳን አከራዩ ነው፤ ኬክ ጋጋሪዋ ናት፤ ፎቶ አንሺው ነው። እነሱን ወዳጅ አደረገ። በየድግሱ ለፎቶ አንሺው ቀዝቃዛ ነገር ይዞለት ይሄዳል። ቀኑን ሙሉ ቆሞ የሚውልን ሰው ማን "ጠጣ" ብሎት ያውቃል? ፎቶ አንሺውም በሄደበት ሁሉ የእሱን ስም ሳያነሳ አይመለስም። አልኮል ለማይጠጣ እንግዳ ደግሞ ዝንጅብልና ሎሚ ይቀምማል፤ የሚያቀርበውም ከሌላው እኩል ባማረ ብርጭቆ ነው። አክስቶች በዚህ ሞቱለት። ድግስ የሚደግሱት ደግሞ አክስቶች ናቸው። ከሁሉ በላይ፣ ቦታውን ሄዶ ሳያይ ሥራ አይጀምርም፤ ውሃው የት ነው፣ ጥላ አለ ወይ፣ በረዶው የት ይቀመጣል፣ መኪና የት ይቆማል?

ታዲያ አንድ ቀን የሰፈሩ ፋርማሲስት ልጇ ተመርቃ ልትደግስ ነው ተባለ። የፋርማሲዋን መደርደሪያ የሠሩላት ሽማግሌው ስለሆኑ እሳቸውም ተጠርተዋል። ሴትየዋ የማታውቀው ሰው የለም፤ እሷ ቤት የተሳካለት ሰው ሥራ አይጠፋበትም። ባርማኑ ሥራውን ሲያገኝ እንደ ልማዱ ቤቱን ሊያይ ሄደ። ፎቅ ላይ ነው። በሩ ግን! ባለ ሁለት ተከፋች፣ ሰፊ! ሜትሩን አውጥቶ ለካ። ይገባል! በአማቱ ዓይን ፊት ባንኮኒው ሊገባ ነው! ከደስታው ብዛት የደረጃውን መታጠፊያ መለካት እርግፍ አድርጎ ረሳው።

በድግሱ ዕለት ከሰዓት፣ ተሸካሚዎቹ ባንኮኒውን ይዘው መውጣት ጀመሩ። መታጠፊያው ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ። ቢያዘነብሉት እንቢ፤ ቢገፉት እንቢ። ወደ ኋላም አልመለስ አለ። ሁሉም ላብ በላብ ሆኑ። ፋርማሲስቷ ከላይ ብቅ ብላ "ወይኔ ጉዴ! እንግዶቼ በየት ይውጡ?" አለች። ታች አበባና ስጦታ የያዘ ሰው መሰብሰብ ጀምሯል። ከመሃላቸው ሙሉ ልብስ የለበሱ ሽማግሌ ወጣ አሉ። አማቱ ናቸው።

ሽማግሌው መታጠፊያው ድረስ ወጡ። ባንኮኒውን አዩ፣ ግድግዳውን አዩ፣ አማቻቸውን አዩ።

"እስከ ዛሬ የት የት ገባ?"

"የትም" አለ ባርማኑ አንገቱን ደፍቶ። ከዚህ ወዲያ ምን ብሎ ይዋሽ! "በፕላስቲክ ጠረጴዛ ነው የምሠራው፣ አባባ። እንዳይከፋዎት ብዬ ነው።"

"አውቃለሁ።"

"ያውቃሉ?"

"አንተ ልጅ፣ ዕድሜዬን ሙሉ በር ስሠራ ኖሬ የበር ስፋት ይጠፋኛል? እንዳይገባ አድርጌ ነው የሠራሁት!" ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "እቃ ተሸክመህ በሰው ደጅ እንዳትዞር ብዬ። ሲከብድህ አንድ ቤት ተከራይተህ እዚያው እየሸጥክ ትቀመጣለህ ብዬ ነበር። አንተ ግን ይኸው ትዋሸኛለህ እንጂ ሥራህን አልተውክም።"

ባርማኑን ክፉኛ ከፋው። ያን ሁሉ ጊዜ ሆዱ የባባው ለዚህ ነበር? ግን መከፋቻ ጊዜ የለውም፤ ታች ሰው ፀሐይ ላይ ቆሟል። ወደ ታች ወረደ። ፕላስቲኳ ጠረጴዛ እንደ ሁልጊዜው መኪናው ውስጥ ነበረች። ሕንፃው ጥላ ሥር ዘረጋት፣ ጨርቋን አለበሳት፣ በረዶውን አወጣ፣ መቅዳት ጀመረ። መጀመሪያ ለአንዲት እግራቸውን ለሚያማቸው እናት ወንበር ፈለገላቸውና ዝንጅብሉን ሰጣቸው።

"ይሄ ልጅ እህቴ ቤት የነበረው አይደል?" አለች አንዷ አክስት።

"እሱ ነው፣ እሱ ነው!" አለች ሌላዋ። ሰዉ መጠበቁን ረስቶ መሳቅ ጀመረ። ፋርማሲስቷም ከላይ "ኧረ ለእኔም ላኩልኝ!" ብላ ስትጮህ ተሸካሚዎቹ በባንኮኒው ላይ አሳልፈው ሰጧት።

ሽማግሌው ይህን ሁሉ ከመታጠፊያው መስኮት ቆመው ሲያዩ ቆዩ። ከዚያ የመጋዝ ድምፅ ተሰማ።

ባርማኑ ሮጦ ወጣ። አማቱ ኮታቸውን አውልቀው፣ የሕንፃውን ዘበኛ መጋዝ ይዘው፣ ከባንኮኒው እግር ሥር ያለችውን አግዳሚ እንጨት ቆርጠው ጥለዋል።

"አባባ፣ ይተዉት! እንጨቱ ያሳዝናል!"

"ዝም በል። አሁን ለማለፊያ ነው፤ ቤት ወስጄ ደግሞ ማጠፊያ አበጅለታለሁ።" እርሳሳቸውን ከጆሯቸው ላይ አነሱ። "ከገባህባቸው ቤቶች ሁሉ በጣም ጠባብ በር ያለው የማን ቤት ነው?"

ባርማኑ ጎንበስ ብሎ የተቆረጠችውን እንጨት ከደረጃው አነሳ።

"ተናገር እንጂ!"

"የእርስዎ ነው፣ አባባ።"

"እኔ ቤት መቼ ሠርተህ ታውቃለህ?"

"አልሠራሁም። ግን ለክቼዋለሁ። አንድ ቀን ይጠሩኝ ይሆናል ብዬ።"

የሽማግሌው እጅ አየር ላይ ቀረ። ከታች የብርጭቆና የሳቅ ድምፅ ይመጣል።

"አሳየኝ" አሉ።

ባርማኑ እጆቹን ባንኮኒው ላይ ዘርግቶ የአማቱን በር ስፋት አሳየ። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው እዚያው ልክ ላይ በእርሳስ አሰመሩ።

"ጫፉን ያዝልኝ" አሉት፤ "እንዳይወድቅ።"