የረግረጉ ዋስ

አባቴን ቢሻውን ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውጭ የቀበርነው በአንድ ውል ምክንያት ነው። ሰው ሲጠይቀኝ እስካሁን ደሜ ይፈላል። ሳልቆጣ አወራዋለሁ ብዬ አልዋሽም።

ደብራችን ከወረታ ወደ ጣና ሲወርዱ ፎገራ ሜዳ ላይ ነው። በየዓመቱ ሐምሌ አምስት ቀን ቄስ ደሳለው ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆመው ረግረጉን ይገዝታሉ። ሽመላው ጫጩቱን እስኪያበርር፣ ሳሩም እስኪጠና፣ እስከ ኅዳር ሚካኤል ሰውም ከብትም አይገባበትም። እንግዳ የግድ መግባት ካለበት ከደብሩ ሰው ዋስ ይጠራል። እንግዳው ካጠፋ ግዝቱ የሚወድቀው በዋሱ ላይ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን አይገባም፣ ቢሞትም ፍትሐት የለውም። ቄሱም ራሳቸው ረግረጉን ቢነኩ ግዝቱ አይምራቸውም። ይህን ማንም ከውጭ መጥቶ አላስተማረንም።

በስልሳ አንድ ዓመተ ምሕረት ነሐሴ ላይ አንድ ሹም ከአዲስ አበባ ፈረንጅ አስከትሎ በበቅሎ መጣ። መንግሥታት ባሕር ማዶ ተሰብስበው አውሬውና ወፉ ከምድር እንዳይጠፋ ተዋውለዋል፣ የእኛም መንግሥት ፈርሟል ብሎ ወረቀት አነበበልን። አባቴ ደስ አለው። "እነሱም እንደኛ ግዝት ጥለዋል ማለት ነው" አለ። ምስኪን፣ ግዝት የጣለ ሁሉ በራሱ ግዝት የሚታሰር መስሎት። ፈረንጁ ወፎቹን ማየት ይፈልጋል ሲባል ብድግ ብሎ "ዋሱ እኔ ነኝ" አለ።

ፈረንጁ በታንኳ ገባ። ሰባት ሽመላ ከጎጇቸው ላይ ተኩሶ ጣለ። አባቴ እስከ ደረቱ ውሃ ውስጥ ገብቶ "ተው፣ ኧረ ተው" እያለ ጮኸ። ማን ሰምቶት። ሹሙ ዳር ላይ ጥላ ይዞ ቆሞ ነበር። እንቁላሉ እዚያው በስብሶ ቀረ። በዚያው ቀን ግዝቱ በአባቴ ላይ ወደቀ፣ በሳምንቱ ደግሞ ወባ ጣለው።

ወረታ ድረስ በእግሬ ሄድኩ። ሹሙ ካረፈበት ቤት ደጃፍ ቆሜ፣ "ጌታዬ፣ አባቴ ሊሞት ነው። መጥተው ደብሩን ይቅርታ ይጠይቁልኝና ከግዝቱ ይፈታ" አልኩት።

"ፈረንጁ እኮ ፈቃድ አለው" አለኝ። "ውሉ የሚከለክለው ያለ ፈቃድ የሚገድለውን ነው።"

"የውሉ ዋስ ማን ነው?"

ሳቀ። "የመንግሥታት ውል ዋስ አያሻውም።" ወፎቹ የተገደሉት በሕግ ነው የሚል ወረቀት ጽፎ፣ ማኅተም መትቶ ሰጠኝና በሩን ዘጋ። ከእሱ ምሕረት መፈለጌ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነበር።

ቄስ ደሳለው ግን ወረቀቱን ሲያነቡ ፊታቸው በራ። አባቴ አብሮ አደጋቸው ነው፣ ይወዱታል። ወዲያው ወደ ቤታችን መጥተው፣ "ቢሻው፣ መንግሥት በሕግ ነው ካለ አንተ አላጠፋህም። ልፍታህ" አሉት።

አባቴ እየተንቀጠቀጠ ቀና አለ። "አይሆንም አባ። ወረቀት ግዝት ከፈታ፣ ነገ ወረቀት የያዘ ሁሉ ይገባበታል። እኔ ላይ እንዳለ ይቆይ።"

"እኛስ? ያለ ፍትሐት ልትቀበርብን ነው? ለሽመላ ብለህ?" ብዬ ጮኽኩበት። በሽተኛ ላይ ጮኽኩ፣ አልጸጸትም።

"ዋስ ነኝ ብያለሁ፣ ልጄ ይርገዱ" አለኝ።

በሦስተኛው ቀን ሞተ። ቄስ ደሳለው ከቅጥሩ ውስጥ ቆመው አለቀሱ እንጂ ደጁን አልፈው መጽሐፍ አልገለጡም። እኛው አፈር አለበስነው። ከፈረሙት መንግሥታት አንድ እንኳ ለቅሶ የደረሰ የለም።

በዓመቱ ያው ሹም ሌላ ፈረንጅ ይዞ መጣና ዋስ የሚሆን ሰው ጠየቀ። የደብሩ ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ። እኔ የበቅሎውን ልጓም ይዤ እየጎተትኩ ከቅጥሩ ውጭ ካለው መቃብር አጠገብ አቆምኩት።

"ዋስህ እዚህ ተኝቷል" አልኩት። "እሺ ካለህ ግባ።"

ሹሙ በቅሎውን ሊያዞር ሞከረ። ልጓሙን ቶሎ አልለቀቅኩለትም።