ለአየነው የፈሰሰው ዕንባ

ቀረብ በሉ ልጆቼ፣ ከፀሐዩ ወደ ጥላው ሸሸት በሉ፣ ግንቦት ነው፣ ድሬ ላይ ድንጋዩ ሳይቀር የሚያልበው ወር፣ የኔነሽም ባሏን አየነውን በቀበረች በሳምንቷ በረንዳዋ ላይ ተቀምጣለች፣ ከፊቷ ከጤና ቢሮ የመጣችው እፀገነት አለች፣ ጥያቄዋም አንድ ነው፣ እማማ፣ የቀብሩ ዕለት ድንኳኑ ውስጥ ያ ሁሉ ሰው ያለቀሰው ከሐዘን ነው ወይስ ዐይኑን አቃጥሎት?

ምን ዓይነት ጥያቄ ነው ይሄ፣ ትላለች የኔነሽ በሆዷ፣ ሰው ለቅሶ ቤት መጥቶ ምን ያድርግ፣ ይዝፈን? አለቀሰ እንጂ። እንዴት ያለ ለቅሶ። ሉቅማን እንኳ፣ የባጃጁ ሉቅማን፣ ልጅ ሳለ ኳሱ ግቢ ገብታበት አየነው በቢላ ቀዶ የመለሰለት፣ እሱ እንኳ መሐረቡ እስኪርስ ነፈረቀ፣ እሷም አየችው፣ ይወዱት ኖሯል አለች፣ ያን ሁሉ ዓመት የሰፈር ጠላት ነው ስል ይወዱት ኖሯል። ሳምንቱን ያቆማት ይኸው ነው፣ እህሉም አይደለ፣ ጸሎቱም አይደለ።

ከአጥሩ ማዶ መጋዘኑ አለ፣ ታይዋን ገበያ የሚሸጠው ሰልባጅ ልብስ በየቦንዳው ታስሮ የሚከመርበት፣ ብል እንዳይበላው መድኃኒት የሚያጨሱበት፣ ጎረቤቷ ሃሊሞ ስንቴ ጮኸች፣ ወላሂ አዴ የኔነሽ፣ ልጄ ዱኒያ እንቅልፍ የላትም፣ ደረቷ ሲር ሲር ይላል፣ የመጋዘኑ ኃላፊ ግን ሳቀ አሉ፣ አቦ፣ ለቅሶ ቤት ሰው አለቀሰ ተብሎ እኛ እንዘጋ? ሟቹ ቢወደድ ጥፋቱ የኛ ነው?

ለዚህ ነው የእርስዎ ቃል የሚያስፈልገኝ፣ ትላለች እፀገነት፣ መሣሪያዬ የዛሬን አየር እንጂ የዚያን ዕለቱን አይለካም፣ ያን ያህል ሰው ደግሞ እዚህ የተቀመጠው ያን ዕለት ነው።

ከሐዘን ነው በያት፣ ትላለች ለራሷ፣ ቀላል ነው። የተለቀሰለት ሰው ሚስት ትሆኛለሽ። በቃ። ግን ሰልስቱስ፣ ሰልስቱን ምን ታድርገው፣ ነፋሱ ወደ ደቻቱ ወንዝ ዞሮ አየሩ የቀለለ ዕለት፣ ያው ድንኳን፣ ያው ሰው፣ ሉቅማን ካርታ እየተጫወተ ሲስቅ፣ አንድ ርጥብ ዐይን አልነበረም፣ ደክሟቸው ነው ብላ ነበር፣ ዕንባም እኮ ያልቃል ብላ ነበር፣ ራሷን ስታታልል፣ የቀብሩ ዕለትስ አልቃሿ ሳል ይዟት ግጥሟን ስታቋርጥ፣ የንስሐ አባቷ ዐይናቸውን ሲያሹ፣ ሐዘን ጉሮሮ ይከረክራል እንዴ፣ ስንት ሰው ቀብራለች፣ መቼ ከርክሯት ያውቃል።

ከአጥሩ ወዲያ ዱኒያ ታስላለች። ትቆማለች። ደግሞ ታስላለች። አሁን ይተዋታል፣ አሁን፣ ሃሊሞ ጀርባዋን መታ መታ ስታደርግላት ይሰማል፣ አይዞሽ፣ አይዞሽ የኔ ልጅ፣ ሳሉ ግን አይተዋትም፣ ያቺ ሕፃን ለአየነው አላለቀሰች፣ ማን እንደሆነ እንኳ አታውቅ፣ ዐይኗ ግን ቀልቶ ነው የሚያድረው።

ያቃጥል ነበር፣ ትላለች የኔነሽ፣ ድምጿ የሌላ ሰው ይመስላታል፣ ዐይን ያቃጥላል፣ ጉሮሮ ይይዛል፣ በሰልስቱ ነፋሱ ዞረ፣ ማንም አላለቀሰለትም፣ ጻፊው ልጄ፣ ማንም።

የእርስዎስ ዕንባ፣ እማማ?

የኔስ። የአየነው ጥፊ፣ ኩርፊያው፣ ወር ሙሉ ሳያናግራት የሚከርመው፣ ደግሞ አንድ ቀን ከባቡር ጣቢያ በኮቱ ኪስ ብርቱካን ይዞላት የመጣው፣ ምንም ሳይል ጭኗ ላይ ያስቀመጠው፣ የትኛው ነው ያስለቀሳት፣ ብርቱካኑ ወይስ መድኃኒቱ፣ የኔስ፣ የኔስ

እፀገነት ወረቀቷን አጥፋ ተነሣች።

እንግዲህ ይኸው ነው ልጆቼ። መጋዘኑ ከሰፈሩ ተነሣ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ተተከለ፣ እዚያም ሰው ይኖራል። እፀገነት ወደ ሌላ አገር ተዛወረች። ሉቅማን ባጃጁን ሸጦ ጅቡቲ ገባ። ዱኒያ ሌሊቱን ትተኛለች፣ ስትሮጥ ግን ትንፋሽ ያጥራታል፣ ሃሊሞም አፏ ላይ የምትነፋላትን መድኃኒት ከጉያዋ አትለይም። የኔነሽ የአየነውን አርባ አወጣች፣ ሰው መጣ፣ በላ፣ ነፍስ ይማር ብሎ ሄደ፣ አየሩ ደህና ነበር። እሷም ባዶው ድንኳን ውስጥ ቁጭ ብላ ዐይኗ እንዲያነባ ጠበቀች፣ እስኪመሽ ጠበቀች፣ ደረቅ ነበር።