መብራት ሲጠፋ የሚነበብ

ፍኖተ ሰላም ላይ መብራት ሲጠፋ ደስ የሚለው አንድ ሰው ቢኖር ወንዳወቅ ነው። ሌላው ሲራገም እሱ ሆዬ ጋሪውን ጥላ ሥር አስሮ፣ ወረቀቱን ከብብቱ መዝዞ፣ ወደ አያ እጅጉ ወፍጮ ቤት ይበራል። ሞተሩ ቀጥ ካለ ተራ ጠባቂው ሁሉ ጆንያው ላይ እንደተቀመጠ መቅረቱ ነው። እህሉን ጥሎ ወዴት ይሄዳል? እንዲህ ያለ አድማጭ በጸሎትም አይገኝ!

ወንዳወቅ አስፈሪ ታሪክ ጸሐፊ ነው። ከስድስተኛ ክፍል ቢያቋርጥም፣ ጽሕፈቱ ዶሮ የጫረው ቢመስልም፣ ጸሐፊ ነው። በየወቅቱ አንድ ያወጣል። ለቡሄ ባለቤቱን የሚያሳድድ ጅራፍ፣ ለኅዳር ከጭስ ውስጥ ስም የሚጠራ ድምፅ። እያንዳንዱን ፎቶ ኮፒ አስደርጎ፣ በስቴፕለር መትቶ፣ በጋሪው ላይ ያዞረዋል። የዘንድሮው የጳጉሜ ግን ሌላ ነው። ቡሬ ላይ ማተሚያ ቤት ያላቸው ጋሽ ክንፈሚካኤል፣ «መጥቼ በዓይኔ ልይ። ሰው ከፈራ ሽፋን ያለው መጽሐፍ አድርጌ አወጣልሃለሁ፤ ከሳቀ ግን ወደ ፈረስህ» ብለውታል። ከዚያ ወዲህ ወንዳወቅ እንቅልፍ የለው፣ ምግብ የለው።

ታሪኩን ትናንት መብራት ሲጠፋ ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ማንበብ ጀምሮታል። የሞተ ባለ ወፍጮ በየጳጉሜው እየመጣ ሞተር ያስነሳል። እህል ሲጨመርለት፣ ዱቄቱ በሚወርድበት ጨርቅ ውስጥ ነጭ እጅ ብቅ ይልና፣ «ተረኛ ማነው?» ይላል። ልክ እዚህ ላይ መሸ። መብራቱም አልመጣ፣ ሴቶቹም ያልተፈጨ እህላቸውን ይዘው ወደየቤታቸው ገቡ። ቀሪው ታሪክ ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ገና አልተጻፈም።

ዛሬ ጋሽ ክንፈሚካኤል ኮታቸውን ደርበው ከቡሬ ከች አሉ። ወፍጮ ቤቱ ለእንቁጣጣሽ ዱቄት በመጣ ሰው ጢም ብሏል። መብራቱስ? ቦግ ብሎ በርቷል!

«ጥፊ እንጂ፣ ምቀኛ!» አለ ወንዳወቅ አምፖሏን ሽቅብ እያየ። «ሌላ ቀን እኮ ለማስነጠስ ጊዜ ሳትሰጪ ትጠፊያለሽ!»

«እስኪ አንብብ» አሉ ጋሽ ክንፈሚካኤል።

«ሞተር ሲነሳ ማን ይሰማኛል ጋሼ?»

«እንግዲህ እኔ መብራት ልነፋልህ አልመጣሁ። መኪና ሳያመልጠኝ ልመለስ።»

ወንዳወቅ አምፖሏን እንደገና ገላመጣት። አያ እጅጉ ይሄን ጊዜ ሞተሩን አስነሳና እንደ ልማዱ ጮኸ፤ «ተረኛ ማነው?»

ሴቶቹ ሁሉ ዱቄት የሚወርድበትን ጨርቅ አዩ።

«ተረኛ ማነው እኮ! እትዬ ቻይነሽ፣ አንቱ አይደሉም?»

እትዬ ቻይነሽ ጤፋቸውን እቅፍ አድርገው ወደ ኋላ አፈገፈጉ። «እረግ! እኔ ምን አስቸኮለኝ? አቻምየለሽ ትቅደም። እሷ ልጅ እግር ናት፣ ሮጣ ታመልጣለች።»

«ኧረ በስመ አብ!» አለች አቻምየለሽ። «ታላቅ እያለ ታናሽ ይቀድማል እንዴ?»

«ሌላ ቀን ተራ ስትቀድሚኝ መች ታላቅ አልሽኝ?» አሉ እትዬ ቻይነሽ።

ሞተሩ ባዶውን ያጓራል። አንድም ሰው ንቅንቅ አላለ።

«ምን ሆናችኋል? እህል ነው የፈራችሁት?» አለ አያ እጅጉ።

«እህሉንማ ምን ፈራን» አሉ እትዬ ቻይነሽ ጨርቁን እያዩ፤ «እጁን ነው እንጂ!»

አያ እጅጉ ነገሩ ገባው። ሞተሩን ራሱ ድርግም አድርጎ የወንዳወቅን ኮሌታ ጨበጠ። «አንተ የጉድ ልጅ! በዓመት በዓል ገበያዬን ዘጋኸው! ወይ ጨርሰው፣ ወይ እጨርስሃለሁ!»

ወፍጮ ቤቱ ጸጥ አለ፤ መብራት እንደበራ! ወንዳወቅ በደስታ ሊዘል ምንም አልቀረው። ወረቀቱን ገለጠ፤ ባዶ ነው። ነገሩን ቢያለሳልሰው ጋሽ ክንፈሚካኤል ይስቁና መጽሐፉ ይቀራል፤ ቢያከረው አንዲትም ሴት አታስፈጭ፣ አያ እጅጉም አንገቱን አይለቅ። ጉሮሮውን ጠርጎ ባዶውን ወረቀት ያነበው ጀመር።

«እጁ ወጣ። ክንዱ ተከተለ። እየተንጠባጠበ… ዱቄት እየተንጠባጠበ… ተራ ጠባቂዎቹን መዳሰስ ያዘ። የመጀመሪያዋን ነካ፤ ጆንያዋ እህል አለው፤ አለፋት። ሁለተኛዋን ነካ፤ እህል አላት፤ አለፋት። ሟቹ በቁሙ ሳለ አንጀቱን የሚያሳርረው አንድ ሰው ብቻ ነበር። ወፍጮ ቤት ባዶ እጁን መጥቶ፣ መሀል ላይ ተገትሮ፣ ሰው ሲያይ የሚውል። እህል የያዘን አይነካም። ባዶ እጁን የቆመን ግን…»

«ግንስ?» አሉ እትዬ ቻይነሽ በሹክሹክታ።

«እሱን ነው የሚፈጨው።»

ኡኡታው ጣራውን አነሳው! ሴቶቹ በየጆንያቸው ላይ ተረባረቡ።

«ተረኛዋ እኔ ነኝ!» አሉ እትዬ ቻይነሽ እየተጋፉ።

«አሁን ቅደሚ ብለውኝ አልነበር?» ጮኸች አቻምየለሽ።

«አልሰማሽም ነበር፤ ዞር በይ!»

አያ እጅጉ እየሳቀ ሞተሩን አስነሳው። መሀል ላይ አንድ ሰው ብቻ ቀረ፤ ኮት የደረበ። ጋሽ ክንፈሚካኤል እጃቸውን አዩ። ጨርቁን አዩ። እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ፣ አወጡ። ከዚያ ዘለው የእትዬ ቻይነሽን ጆንያ አንዱን ጫፍ ጨበጡ።

«ልያዝልዎ!»

«ኧረ አይልፉ፣ ኮትዎ ዱቄት ይሆናል!»

«ይሁን! ልያዝ አልኩ እኮ!»

«ጋሼ!» ወንዳወቅ በሞተሩ ጩኸት ላይ ጮኸ። «ታዲያ ይታተማል?»

«ይታተማል! ሽፋኑም ቀይ ይሆናል!» አሉ ጆንያውን ሳይለቁ። «አንተ ብቻ ያን ጨርቅ እይልኝ!»