ለመንገድ የምትሆን ሬዲዮ

አፊፋ ሬዲዮ ስትመርጥ ያየ ሰው ባል የምትመርጥ ይመስለው ነበር። አንዷን ታነሳለች፣ ታገላብጣለች፣ በእጇ መዘን መዘን ታደርጋለች፣ ከዚያ ከንፈሯን አጣማ መልሳ ታስቀምጣለች። ባለሱቁ ዘርአ ዳዊት ከመደርደሪያው ያላወረደው ዕቃ አልቀረም። አባቷ ዓብዱ ግን ገና የሱቁን ደጃፍ ሲረግጥ ዓይኑ አንዱ ላይ ተተክሎ ቀርቷል፤ ብርማ፣ ባለ ሁለት ድምፅ ማጉያ፣ እጀታው የሻንጣ እጀታ የሚያክል።

«ሬዲዮ ማለት ይኼ ነው!» አለ ዓብዱ፣ እንደሚገዛ በሬ ጎኑን መታ መታ እያደረገ።

«አባ፣ ቁልቁለቱን አንተ እሱን ተሸክመህ ልትወርድ ነው ወይስ እሱ አንተን?»

ዘርአ ዳዊት ሳቁን በጋቢው ጫፍ አፈነ። የደብረ ብርሃን ብርድ ሱቅ ውስጥም ጋቢ አያስወልቅም። «አያ ዓብዱ፣ ይችን ልጅ ምን እያበላህ ነው ያሳደግኻት?»

«በርበሬ ነዋ። የምነግደው እሱን አይደል?»

ቀልዱ ቀልድ ነው፤ የመጡበት ጉዳይ ግን ቀልድ አልነበረም። የአፊፋ ታላቅ ወንድም በሽር ለብሔራዊ ውትድርና ከተወሰደ ወዲህ ድምፁ ጠፍቶ ነበር። አለም ሞተም የሚል የለም። በኋላ ዓወል የሚባል የመንደራቸው ልጅ እግሩን ቆስሎ ከሰሜን ሲመለስ ወሬ ይዞ መጣ፤ የሬዲዮ ሰዎች ግንባር ድረስ ሄደው ወታደሩ ለቤተሰቡ የሚልከውን ሰላምታ ሲቀዱ በሽር ተራ ይዞ ቆሞ አይቶታል። እሑድ እሑድ ጠዋት ይተላለፋል። የበሽር ተራ በየትኛው እሑድ እንደሚደርስ ግን አላህ ብቻ ነው የሚያውቀው።

እናቷ ኩብራ ይህን ከሰማች ጀምሮ እሑድ በመጣ ቁጥር ጆሮዋ እንደቆመ ይውላል። አልዩ አምባ ሥር ባለው መንደራቸው የነበረችው ሬዲዮ አንዲት ብቻ ናት፤ እሷም የቀበሌው ሊቀመንበር ንብረት ናት። ሊቀመንበሩ ደግሞ እሑድ ስብሰባ አያጡም፤ ሬዲዮዋንም እንደ ምርኩዝ ይዘዋት ይዞራሉ። ዓብዱ ቢሆን በርበሬና ጥጡን በአህያ ጭኖ ከገበያ ገበያ የሚኳትን ሰው ነው። አፊፋም አራተኛ ክፍልን ጨርሳ ከወጣች ወዲህ አህያዋን የምትነዳው እሷ ናት። እሑድ የት እንደሚደርስባቸው አይታወቅም። ስለዚህ ርካሽ፣ ትንሽ፣ ለመንገድ የምትሆን ሬዲዮ ይገዛ ብላ ሐሳቡን ያመጣችው አፊፋ ናት። ቤቱም ተስማማ። ዓብዱ ትልቁን ሲያይ ነው ሁሉም የጠፋው።

«ጋሼ ዘርአ ዳዊት፣ ይኼ ብርማው ስንት የባትሪ ድንጋይ ይበላል?»

«ስምንት።»

«ውይ! ከአህያችን ባሰ!»

አፊፋ ከመደርደሪያው ጥግ አንዲት ጥቁር ሬዲዮ ስባ አወጣች። መዳፍ ውስጥ ትገባለች። የቆዳ ልብሷ ጠርዙ ነጥቷል፤ ስሟም ተፍቆ ጠፍቷል።

«ይችንስ ማንም ጠይቆኝ አያውቅ» አለ ዘርአ ዳዊት። «ስም የላትም። ሁለት ድንጋይ ይበቃታል። ብትታመምም ጀርባዋን በቢላ ጫፍ ፈትተሽ ታያታለሽ። አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ትልቁ የሩቅ አገር የሚያመጣውን አጭር ሞገድም ይይዛል፤ እሷ አትይዝም።»

«አጭሩ ምን ያደርግልናል? እኛ የምንፈልገው የአዲስ አበባን ነው።»

ዘርአ ዳዊት ሁለት ድንጋይ አጎረሳትና ከፈታት። የአዲስ አበባው ሰውዬ በር ላይ የቆመ ያህል ጥርት ብሎ ተናገረ። ዓብዱ በርበሬን አሽትቶ፣ አህያን ጥርሱን ቆጥሮ የሚገዛ ሰው ነው፤ ሬዲዮን ደግሞ ጆሮው ላይ ለጥፎ ፈተነ። ፊቱ ፈታ አለ። ትልቁን አንዴ ዞሮ አየውና፣ እንደ መሰናበት፣ ትንሿን ገዛ።

አንኮበር ድረስ በጭነት መኪና ሲመጡ ሬዲዮዋ አፊፋ ጭን ላይ ሆና ስትዘፍን መጣች። ቁልቁለቱን በእግር ሲጀምሩም ዘፈነች። ጥቂት እንደወረዱ ግን ድምፅዋ ቀጠነ፤ አንድ ጥምዝ ላይ ሲደርሱ ጭራሽ «ሹሹሹ» ብቻ ሆነ።

«ምን ሆነች? ሙቀቱ ነው?» አለ ዓብዱ፣ ጀርባዋን በጥፊ እየመታ።

ቤት ሲደርሱም ያው ሹሹሹ ነው። ኩብራ ለሬዲዮዋ ብላ ዳንቴል አጥባ፣ የግድግዳውን መስኮት ጠርጋ ነበር የጠበቀቻቸው። ተቀበለችና ጆሮዋ ላይ አደረገቻት። ትንሽ አዳመጠች።

«ዝናቡን ነው የምታወራው?» አለች።

ሬዲዮ ሊያይ የተሰበሰበው ጎረቤት ሳቀ። ዓብዱ ግን ጦፈ። «አጭበረበረኝ! ዓይኔ እያየ!»

«አባ፣ ሰውየው ምን አደረገ? የሞከርናት ደጋው ላይ ቆመን ነው። እዚህ ተራራው ጋረዳት።»

«ምላስሽ ነው የመረጣት፤ እንግዲህ ምላስሽ ይስማት!»

ቁጣው አፊፋን ብዙም አልነካትም፤ ለምዳዋለች። ያንገበገባት የእናቷ ነገር ነው። ኩብራ ሬዲዮዋን መስኮቱ ላይ አስቀመጠቻት፤ ዳንቴሉን አለበሰቻት፤ ልክ ለተኛ ሕፃን እንደሚደረገው።

ተራራው ካልወረደላት አፊፋ ልትወጣለት ነው። ቅዳሜ ድንጋዮቹን ጉልበት እንዲያገኙ ፀሐይ ላይ አሰጣች። እሑድ ሲነጋ ሬዲዮዋን በሻሽዋ ጠቅልላ ጉያዋ ከተተችና ዳገቱን ተያያዘችው። ኩብራም ልከተል ብላ ነበር፤ ጉልበቷ ከመንደሩ መውጫ መለሳት።

አንኮበር አፋፍ ላይ ሬዲዮዋ ነፍስ ዘራች። አፊፋ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ብርዱ ጥርሷን እያንገጫገጨ የሌላ ሰው ልጆች ሰላምታ ስትሰማ አረፈደች። የወለጋ ልጅ፣ የሐረር ልጅ፣ የጎጃም ልጅ፤ በሽር የለም። በሚቀጥለውም እሑድ የለም። በሚቀጥለውም። ወንድሟ ሲያበሽቃት የኖረ ልጅ ነው፤ አሁን ግን ያን ማብሸቁን እንኳ አንዴ ቢደግመው ብላ ተመኘች።

ከቅዳሴ የሚወጡ ሴቶች ድምፁን ሰምተው ይቆሙ ጀመር። ወለተሐና የምትባል የቄስ ሚስት ደግሞ መቆም ብቻ አይደለም፤ አጠገቧ ተቀምጣ የነጠላዋን ግማሽ ታለብሳት ጀመር። የሷም ልጅ ወልደአረጋይ እዚያው ሰሜን ነው።

«ዛሬ ያንቺ ካልወጣ የኔ ይወጣል» ትላለች።

«እማማ፣ ተራ አይጋፉ! እኔ ነኝ ቀድሜ የመጣሁት።»

ከዚያ በአንዱ እሑድ፣ ሬዲዮዋ ምንም ሳታስጠነቅቅ፣ «በሽር ዓብዱ እባላለሁ፤ ከአልዩ አምባ» አለች።

አፊፋ ሬዲዮዋን ጆሮዋ ላይ ለጠፈቻት።

«እናቴ ኩብራ፣ አባቴ ዓብዱ፣ እህቴ አፊፋ፣ እንደምን ናችሁ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። እማ፣ ጉልበትሽን እንዴት አደረገሽ?»

አለቀ። ሌላ ልጅ መናገር ጀመረ። አፊፋ ሬዲዮዋን ነቀነቀቻት፤ ልክ ከሥሩ የቀረ ነገር እንዳለው ዕቃ። ድምፁ ወፍሯል። ጉንፋን ይዞታል ይሆን? ወይስ እዚያ ሲኖሩ ድምፅም ይጎረምሳል? ማንን ትጠይቅ። ሬዲዮ ይናገራል እንጂ አይጠየቅም።

ወለተሐና እልል አለች፤ ቀስ ብላ፣ የሌሎቹ ሰላምታ እንዳያመልጣቸው። አፊፋ ልትሮጥ ተነሳችና የሴትዮዋን ፊት ስታይ ተመልሳ ተቀመጠች። ፕሮግራሙ እስኪያልቅ አብረው ሰሙ። ወልደአረጋይ አልተጠራም።

«የኔ ለሚመጣው ይሆናል» አለች ወለተሐና፣ ነጠላዋን እየሰበሰበች። «ትመጫለሽ አይደል?»

«እመጣለሁ። ሬዲዮዋንስ የት አባቴ አደርጋታለሁ!»

«በይ አሁን ሩጪ፤ መንገድ ላይ ሳይፈስብሽ ለእናትሽ አድርሺላት።»

አፊፋ ቁልቁለቱን የወንድሟን ቃል እየደጋገመች ወረደችው። «እናቴ ኩብራ፣ አባቴ ዓብዱ…» ድምፁን አስመስላ ልትይዘው ሞከረች፤ በየጥምዙ እየሳሳ የራሷ ድምፅ እየሆነ አስቸገራት።

ኩብራ ደጃፍ ላይ ነበረች። አፊፋ የሰማችውን አንድም ሳታጎድል ነገረቻት።

«ጉልበቴን ጠየቀኝ?»

«ስምሽን ጠርቶ።»

«ሌላስ ምን አለ?»

አፊፋ ሌላ አልነበራትም። የእናቷ ዓይን ግን «አለቀ» የሚሉት ዓይን አልነበረም።

«በቅርቡ እመጣለሁ አለ። ኢንሻአላህ አለ።»

ኩብራ ዓይን ዓይኗን አየቻት። «ይህንንስ አላለም።»

«በምን አወቅሽ? እዚያ ላይ የነበርኩት እኔ ነኝ!»

«ልጄን አላውቀውም? በእጁ የሌለውን ነገር ቃል አይገባም።» ሬዲዮዋን ተቀበለቻትና ሹሹ እያለች እንዳለች ጭኗ ላይ አስቀመጠቻት። ለአፊፋም አጠገቧ ቦታ ለቀቀችላት።

«አላለም» አለች ደግማ። ከዚያ ወደ ተራራው ቀና ብላ፣ «ግን እስቲ ድገሚልኝ» አለች።